የተጣለው ገመድ

ጅማ፣ አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት ውስጥ ወደ አንድ ቢሮ ብትገቡ ጠረጴዛ ሥር አቧራ የለበሰ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ ሣጥን፣ አታጡም። ለጅማ ቅርብ የሆነው የግልገል ጊቤ አንድ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ያለው አቅም 184 ሜጋ ዋት ነው፤ ኃይል መመንጨቱ ብቻውን ግን መብራት እንዳይቆራረጥ አያደርግምና ሣጥኑ ያስፈልጋል። «መብራት ቢሄድም ሥራ እንዳይቆም» የሚባልለት ግን በስህተት ነው። ትንሽ ዩፒኤስ የሚያቆየው ለደቂቃዎች ሲሆን፣ ደቂቃዎቹ የተሰጡት ኮምፒዩተሩ የጀመረውን ጽፎ በሰላም እንዲዘጋ ነው። በኅዳር ለቀማ፣ የገበሬው እሸት ቡና በኪሎ የሚመዘገብበት ሰርቨር ላይ ሌሊት ሰው በሌለበት መብራት ቢጠፋ፣ ባትሪው ያልቅና መዝገቡ በግማሽ እንደተጻፈ ይቀራል። አደጋው ትንሽ ዘገየ እንጂ አልቀረም።

ይህን የሚያስቀር ከዩፒኤሱ ወደ ኮምፒዩተሩ የሚሄደው ቀጭን የመረጃ ገመድ ነው፤ እሱን ደግሞ ከካርቶኑ ጋር እንጥለዋለን። ሊኑክስ የጫነም «አብሮት የመጣው ሲዲ የዊንዶውስ ብቻ ነው» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሣጥኑ ግን ከሲዲው ውጪ የራሱ ቋንቋ አለው። ለምሳሌ የድሮው የኤፒሲ ስማርት ዩፒኤስ በሴኮንድ 2400 ቢት ፍጥነት «ዋይ» የሚለው የላቲን ፊደል ሲላክለት «ኤስ ኤም» ብሎ ይመልሳል፤ «ቢ» ሲሉት የባትሪውን፣ «ኤል» ሲሉት የመስመሩን ቮልቴጅ ይናገራል። ራስል ክሮል የጀመረው ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስም ሆነ ኤፒሲዩፒኤስዲ የተባሉት የሊኑክስ ፕሮግራሞች ይህን ቋንቋ ያውቃሉ፤ ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። ችግሩ ገመዱ ላይ ነው። የዚህ ዩፒኤስ ባለ 9 ፒን ሶኬት ተራ የሲሪያል ሶኬት ይመስላል፣ ግን አይደለም። የኮምፒዩተሩ 2ኛ ፒን ከዩፒኤሱ 2ኛ፣ 3ኛው ከ1ኛ፣ ግራውንዱ 5ኛው ደግሞ ከ9ኛ ጋር ይገናኛል። ከገበያ የተገዛ ተራ ገመድ ቢሰካበት ዩፒኤሱ ድንገት ሊጠፋ ይችላል፤ ያኔ «ሊኑክስ አጠፋብኝ» ይባላል። ጥፋቱ የገመዱ ነው። መፍትሔውም ሦስት ሽቦ ነው፤ ካውያ የያዘ የሬዲዮ ጠጋኝ ይሠራዋል። ኮምፒዩተሩ የሲሪያል ሶኬት ከሌለው በዩኤስቢ ማስተላለፊያ ይሠራል።

«ያረጀ ዕቃ ነው፣ አዲስ ይገዛ» የሚሉ አሉ። የሚያረጀው ግን ባትሪው ነው፤ የታሸገው የሊድ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፣ ይቀየራል፣ ሣጥኑም ይቀጥላል። የመረጃ ሶኬት ጭራሽ የሌላቸው ርካሽ ዩፒኤሶች መኖራቸው ግን እውነት ነው፤ ለእነሱ ምንም ማድረግ አይቻልምና ከመግዛት በፊት ጀርባውን አዙሮ ማየት ነው። ገመዱ ከተገናኘ በኋላም ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። ሰርቨሩ ሲዘጋ ዩፒኤሱም የሚሰጠውን ኃይል እንዲቆርጥ መታዘዝ አለበት፤ ሰርቨሩም ኃይል ሲመለስ እንዲነሳ በባዮሱ (በመነሻ ቅንብሩ) መስተካከል ይኖርበታል። አለዚያ መብራቱ ሰርቨሩ እየተዘጋ ሳለ ቢመጣ፣ ዩፒኤሱ ኃይል ስላላቋረጠ ማሽኑ የሚያስነሳው ምልክት አያገኝም፤ ጠዋት ሰው መጥቶ ቁልፉን እስኪጫን ድረስም ተኝቶ ይቆያል።