የጨርቅን ቀለም የማያሳስት የሱቅ መብራት

ጥለት የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ጨርቁን ወደ ደጅ አውጥቶ በፀሐይ ሳያይ ሒሳቡን አይከፍልም። ይህም ነጋዴውን ከመጠራጠር ሳይሆን መብራቱን ካለማመን የመጣ ልማድ ነው። ቀለሙ ቤት ሲደርስ ተለውጦ ቢገኝ ግን የሚታማው መብራቱ ሳይሆን ነጋዴው ነው።

ዛሬ በየሱቁ ከሚበሩት የኤል ኢ ዲ መብራቶች መካከል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ቀላቅለው ነጭ የሚሰጡ አሉ። ቀዩ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1962 ዓ.ም. ተሠርቶ ነበር፤ ደማቁ ሰማያዊ ግን ብዙ ዘመን ፈጅቷል። ስለዚሁ ሥራ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ የተባሉ ጃፓን የተወለዱ ሊቃውንት በ2014 ዓ.ም. የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ይሁን እንጂ ሦስቱ ቀለማት እኩል አይጸኑም። መብራቱ ሲግል ቀዩ ከሰማያዊው ይልቅ ይደክማል፤ ስለዚህ ነጩ ብርሃን ወደ ሰማያዊነት ያደላል። ለዚህ መድኃኒቱ ሴንሰር የተባለው የብርሃን መለኪያ ነው። ሴንሰሩ እያንዳንዱን ቀለም ይለካል፤ መቈጣጠሪያውም ልኩን ከታዘዘው ጋር አስተያይቶ የጐደለውን ይጨምራል፣ የተረፈውን ይቀንሳል። ቀዩ እስከ ኃይሉ ፍጻሜ ደርሶ እንደ ሆነ ሌሎቹን ሁለቱን ዝቅ ያደርጋል፤ በዚህ ጊዜ ቀለሙ ሲጠበቅ ድምቀቱ ይቀንሳል።

ስለዚህ አስመጪዎች ከማዘዛቸው በፊት ፋብሪካውን ሦስት ነገር በጽሑፍ እንዲጠይቁ እናሳስባለን።

1ኛ/ ሴንሰሩ ቀለምን ይለያልን? ድምቀትን ብቻ የሚለካው የቀለምን ለውጥ አያውቅም።

2ኛ/ የተተከለው የት ነው? በመብራቱ ውስጥ ያለው የመብራቱን የራሱን ብርሃን ይጠብቃል፤ በጣራ ላይ ያለው ግን በመስኮት የሚገባውንም የቀን ብርሃን ስለሚቈጥር የኤሌክትሪክ ወጪን ለመቀነስ ይረዳል።

3ኛ/ ሲ አር አይ የተባለው የቀለም አሳይነት መለኪያው ስንት ነው? ከፍተኛው 100 ሲሆን፣ ለጨርቅ ሱቅ 90ና ከዚያ በላይ ይመረጣል። ሴንሰሩ ነጩን በነጭነቱ ቢያጸናውም፣ ከሦስት ቀለማት ብቻ የተቀላቀለ ነጭ የጨርቁን መልክ አሳስቶ ሊያሳይ ይችላልና ይህ ጥያቄ መዘንጋት የለበትም።

ናሙናው በደረሰ ጊዜ መብራቱን አንድ ሰዓት አብርቶ፣ በሥሩ ያለውን ቀይ ጥለት በደጅ ካለው ጋር ማስተያየት ይገባል። ለመጋዘን ተራው መብራት ይበቃል፤ ተጨማሪው ዋጋ የሚገባው ቀለም ለሚመረጥበት ባንኮኒ ነው።