የሚገረዘው ወንድ ነው፤ ሴቷስ?

የወንዶች ግርዛት ኤች አይ ቪን ለመከላከል እንደሚረዳ ያረጋገጡት ሦስት ትልልቅ ሙከራዎች ናቸው። የተካሄዱት ደቡብ አፍሪካ ኦሬንጅ ፋርም፣ ኬንያ ኪሱሙና ኡጋንዳ ራካይ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ውጤት እ.ኤ.አ. በ2005፣ የሁለቱ ደግሞ በ2007 ታተመ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የተገረዘ ወንድ ቫይረሱ ካለባት ሴት ጋር በሚያደርገው ግንኙነት የመያዝ ዕድሉ 60 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የሸለፈት ውስጠኛው ቆዳ ስስ ነው፤ ቫይረሱ የሚይዛቸው ሕዋሳትም እዚያ በብዛት ይገኛሉ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኤንኤድስ በዚያው በ2007 ምክረ ሐሳባቸውን ሰጡ፤ በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ 15 አገሮች ውስጥም ዘመቻው ተጀመረ። እስከ 2019 መጨረሻ ድረስ 27 ሚሊዮን ያህል ወንዶች ተገርዘዋል።

ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ይሁንና ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች በየዓመቱ በቫይረሱ አዲስ ከሚያዙት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ስለዚህ ዘመቻው ለሴቷ ምን ያመጣል ብሎ መጠየቅ የግድ ነው፤ ጥያቄው ግን ብዙ ጊዜ የተነሳው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነበር።

የመጀመሪያው መልስ የመጣው ከራካይ ነው፤ የሚያስደስትም አልነበረም። ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወንዶች ቢገረዙ ሚስቶቻቸው ይጠበቁ እንደሆነ ለማየት የተጀመረው ጥናት፣ ጥቅም እንደማያሳይ ስለታወቀ ቀድሞ ተቋረጠ። በ2009 በታተመው ውጤት መሠረት ባሎቻቸው ከተገረዙት ሴቶች 18 በመቶው፣ ካልተገረዙት ደግሞ 12 በመቶው ተይዘዋል። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ረገድ እርግጠኛ የሚያሰኝ ባይሆንም፣ ቁስሉ ሳይሽር ግንኙነት በጀመሩ ጥንዶች ዘንድ አደጋው ከፍ ብሎ ታይቷል።

እኔ በዚህ ሁሉ ጉዳይ ውስጥ ቁልፍ የምለው ያንን የመሻሪያ ጊዜ ነው። ቀዶ ሕክምናው በአካባቢ ማደንዘዣ የሚሠራ ሲሆን ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሰውየው በእግሩ ቤቱ ይገባል፤ በሁለተኛው ቀን ለክትትል ይመለሳል፤ በሳምንቱ እንደገና ይታያል። ከዚያ ስድስት ሳምንት እስኪሞላ ግንኙነት አይፈቀድም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሕመሙ ስለሚጠፋ ቁስሉ ላይ ላዩን የዳነ ይመስላል። «ድኛለሁ» የሚለው ያን ጊዜ ነው። «ገና ነው» ማለት ያለባት ሚስት ግን ምክሩ ሲሰጥ ክፍሉ ውስጥ አልነበረችም፤ ስድስቱን ሳምንት የምታውቀው ባሏ ከነገራት ብቻ ነው። በ2012 የታተመ አንድ የዛምቢያ ጥናት ከተገረዙት ወንዶች 24 በመቶው ጊዜው ሳይሞላ ግንኙነት እንደጀመሩ አሳይቷል። ከአራት አንዱ ማለት ነው። ሴቷን በምክሩ ላይ ማሳተፍ ከጨዋነት ጉዳይ በላይ ነው፤ የሕክምናው አካል ነው።

በሌላ በኩል ጥቅም አልጠፋም። ከተገረዘ ባል ጋር የሚኖሩ ሴቶች ለማኅፀን በር ካንሰር በሚዳርገው ኤች ፒ ቪ የመያዝ ዕድላቸው እንደሚቀንስ፣ አንዳንድ የብልት ኢንፌክሽኖችም እንደሚቀንሱላቸው ራሱ የራካይ ሙከራ አሳይቷል። የተያዙ ወንዶች ቁጥር ሲያንስ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ሴቶችም ከዚያ ይጠቀማሉ።

ሴቶች ለዘመቻው ያበረከቱት ግን ከዘመቻው ካገኙት ይበልጣል። በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች የተደረጉ 13 ጥናቶችን አሰባስቦ በ2007 የታተመ ዳሰሳ፣ ግርዛት ባህል ባልሆነባቸው ማኅበረሰቦች ውስጥ በመካከለኛ ግምት 69 በመቶ ሴቶች የባላቸውን መገረዝ እንደሚደግፉ፣ 81 በመቶዎቹም ልጃቸውን ለማስገረዝ ፈቃደኛ እንደሆኑ ገልጿል። ኬንያ ውስጥ ነርሶች ቀዶ ሕክምናውን እንዲሠሩ ሲፈቀድ ሥራው በሴት ባለሙያዎችም እጅ ገባ። ሉሳካ ውስጥ በ13 ጤና ጣቢያዎች የተካሄደ ሙከራ ወንዶችን ለውይይት ሲጠራ የትዳር አጋሮቻቸውንም ለየብቻ ጋብዞ አወያየ፤ በዚያ መንገድ ያለፉት ወንዶች ከሌሎቹ ይልቅ በብዛት ወደ ግርዛት መጡ። ማላዊ ውስጥ ደግሞ ለእርግዝና ክትትል የመጡ ሴቶች የራስ መመርመሪያ መሣሪያ ይዘው ወደ ቤት እንዲሄዱ ተደረገ፤ ነፃ ሆኖ የተገኘው ባል ወደ ግርዛት፣ ቫይረሱ የተገኘበት ደግሞ ወደ ሕክምና እንዲመራ ታስቦ ነው።

እዚህ ላይ ቅር የሚያሰኘኝ ነገር አለ። ሴቷ ባሏን እንድታሳምን፣ የመመርመሪያ መሣሪያውን እንድታደርስ፣ ቁስሉን እንድታጥብ ትጠየቃለች። አልስማማም ብሎ ቢቆጣት ወይም ቢመታት ማን እንደሚደርስላት ግን በብዙ ዕቅዶች ውስጥ አልተጻፈም። በ2010 የሴቶች ድርጅቶች በኬንያ፣ በናሚቢያ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በስዋዚላንድና በኡጋንዳ ሴቶችን አነጋግረው ያወጡት ሪፖርት ይህንኑ ስጋት አንስቷል። ባል ከተገረዘ ሚስትም በቀጥታ ተጠበቀች ብለው የሚያምኑ ሴቶች ነበሩ። ወንዱ «ተገርዣለሁ» ብሎ ኮንዶም ቢተው የመከራከሪያ አቅም እንደማይኖራቸው የፈሩም ነበሩ። የወንዶቹ ዘመቻ የሴት ልጅ ግርዛትን ያበረታታ ይሆን የሚል ጥያቄም ተነሳ። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ መሆናቸውን ከመጀመሪያው አንስቶ አስረግጦ ተናግሯል፤ የሴት ልጅ ግርዛት ጉዳት እንጂ አንድም የጤና ጥቅም የለውም።

በአገራችን ከአሥር ወንዶች ዘጠኙ ገደማ የተገረዙ ስለሆኑ ዘመቻው ያተኮረው ግርዛት በኑዌርና በአኙዋክ ዘንድ የቆየ ልማድ ባልሆነበት በጋምቤላ ነው። የጋምቤላ የኤች አይ ቪ ስርጭት ከአገሪቱ አማካይ በብዙ ይበልጣል። ደገኛው በብዙ ቦታ ልጁን በስምንተኛው ቀን ስለሚያስገርዝ እናት ከአራስ ቤት ሆና የነገሩ ባለቤት ናት። ጋምቤላ ላይ ግን የሚገረዘው ያደገ ወጣት ወይም ባለትዳር ነው፤ ስለዚህ ከሚስት ወይም ከእጮኛ ጋር መነጋገር ሥራው ውስጥ አብሮ መግባት አለበት። በቋንቋዋ፣ በሴት ባለሙያ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

ራካይ ላይ በ2016 አዳዲስ የመያዝ አጋጣሚዎች ቀደም ሲል ከነበሩት በ42 በመቶ ቀንሰው ተገኝተዋል፤ ግርዛትና ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ተደምረው ያመጡት ውጤት ነው። የሴቶቹ መቀነስ ግን ከወንዶቹ ያነሰ ነበር። ለሴቷ በራሷ ፈቃድ የምትወስደው መከላከያ ያስፈልጋታል። በ2024 በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ሌናካፓቪር የተባለውን በስድስት ወር አንዴ የሚሰጥ መርፌ ከወሰዱ 2,134 ወጣት ሴቶች መካከል አንዲት እንኳ አልተያዘችም። ባል የሚገረዝበት ጤና ጣቢያ ሚስትየው ስትመጣ ስለዚህ መርፌ፣ ፕሬፕ ስለሚባለው መከላከያ ኪኒንና ስለ ኮንዶም ሊነግራት፣ ምርመራም ሊያደርግላት ይችላል፤ ነርሷም ክፍሉም እዚያው አሉ።