በሩዝና በስንዴ መካከል፦ የፑንጃብ የገለባ ቃጠሎ

ሕንድ ፑንጃብ ውስጥ ሩዝ ታጭዶ ስንዴ እስኪዘራ ያለው ጊዜ ከሃያ ቀን ብዙም አይዘልም። በየዓመቱ በጥቅምትና በኅዳር የሰሜን ሕንድን ሰማይ የሚያጠቁረው የገለባ ቃጠሎ ጭስ መነሻው ይኸው ጥበት ነው። ገበሬው ጉዳቱን ባለማወቁ ያቃጥላል የሚለው የከተሜ ወሬ ነው፤ ጭሱን ከዴልሂ ነዋሪ ቀድሞ የሚተነፍሰው እሱና ልጆቹ ናቸው።

ጊዜውን ያጠበበው በከፊል ሕግ ነው። የከርሰ ምድር ውሃው ክፉኛ እየራቀ ስለሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሕግ የሩዝ ችግኝ ከሰኔ 3 (ጁን 10) በፊት እንዳይተከል ከለከለ። ዓላማው መልካም ነበር፤ አጨዳውን ግን ወደ ኋላ ገፋው። ስንዴው ከዘገየ ደግሞ የመጋቢት ሙቀት ፍሬውን ያቀጭጨዋል።

ማጨጃው ኮምባይነር ዛላውን ቆርጦ ያልፋል። ከኋላው ግማሹ ቆሞ፣ ግማሹ ተዘርሮ የሚቀረው ገለባ የተራውን መዝሪያ ማሽን ጥርስ ይተበትባል። የሩዝ ገለባ ሲሊካ ስለሚበዛበት ከብቱም አይወደውም፤ የፑንጃብ ገበሬ ለመኖ የሚያከማቸው የስንዴውን ነው። በአብዛኛው በእጅ የሚታጨደው የባስማቲ ሩዝ ገለባ ግን ለከብት ስለሚውል ብዙም አይቃጠልም። የጤፍ ጭድ ለመኖም ለምርጊትም በሚሸጥበት አገር ላደገ ሰው ገለባ እንዲህ ሸክም መሆኑ ሳይገርመው አይቀርም።

ከአማራጮቹ ብዙ የተባለለት «ሃፒ ሲደር» የተባለው ማሽን ነው። ገለባውን ከፊቱ እየቆረጠ ያነሳል፣ ስንዴውን ባልታረሰው መሬት ይዘራል፣ ገለባውን መልሶ በላዩ ያለብሰዋል። እርጥበት ይጠብቃል፤ አረምም ይቀንሳል። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለግለሰብ ግማሹን፣ ለማኅበራት ሰማንያ በመቶውን የማሽን ዋጋ ደጉሟል። ችግሩ ጉልበተኛ ትራክተር መፈለጉ፣ ከዘር ወቅት ውጭም ሥራ ፈትቶ መቆሙ ነው። ትራክተር የሌለው ደግሞ የኪራይ ተራ ሲጠብቅ ቀኑ ያልቅበታል።

ገለባውን አስሮ ለኃይል ማመንጫና ለኢታኖል ፋብሪካ መሸጥም አለ፤ ፓኒፓት ከተማ ላይ በ2022 አንድ ትልቅ ፋብሪካ ተመርቋል። ማሰሪያ ማሽኑና መጓጓዣው ግን በሰዓቱ መድረስ አለባቸው። ገለባ አብስባሽ ተብሎ የሚረጨው የፑሳ ውህድ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ገበሬውን የጎደለው ደግሞ ያው ሦስት ሳምንት ነው። ለእኔ ይበልጥ ተስፋ ያለው ፒ.አር 126 የተባለው ፈጣን የሩዝ ዝርያ ነው፤ ፑሳ 44 ከተባለው ዝርያ አንድ ወር ያህል ቀድሞ ይደርሳል።

በሳተላይት የታየው የፑንጃብ እሳት በ2023 ከ36 ሺህ በላይ የነበረ ሲሆን በ2024 ወደ 11 ሺህ ወርዷል። ቁጥሩን በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል፤ ቆጣሪዎቹ ሳተላይቶች እኩለ ቀን አካባቢ ስለሚያልፉ አመሻሹ ላይ የተለኮሰው ያመልጣቸዋል። ቅጣትና ክስም ያን ያህል ውጤት አላመጡም። መንግሥት ሩዝን በተረጋገጠ ዋጋ እየገዛ የበቆሎና የጥራጥሬውን ለገበያ እስከተወ ድረስ፣ የፑንጃብ ገበሬ ከሩዝ አይወጣም።