ቡችላ ወደ ቤት ከመምጣቱ በፊት ምን ይዘጋጅ?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ተደጋግሞ የደረሰኝ ጥያቄ ነው። «ዶክተር፣ ልጆቹ ቡችላ ካልመጣ ብለው አላስቀምጥ ብለውኛል። ምን ምን ገዝቼ ልጠብቀው? ለጤናቸውስ ችግር የለውም?» የሚል።

እኔ የሰው ሐኪም ነኝ። ስለ ቡችላው ሕክምና ዋናውን ምክር የምታገኙት ከእንስሳት ሐኪም ነው። እኔ የምጽፍላችሁ ቡችላውና ልጆቹ አንድ ግቢ ውስጥ ሲኖሩ ሁለቱም ደህና እንዲሆኑ ምን ያስፈልጋል የሚለውን ነው። ስለዚህ የእኔ ዝርዝር ከሱቅ ዝርዝር ይለያል። አልጋና መጫወቻ መጨረሻ ላይ ይመጣሉ፤ መጀመሪያ ላይ ያለው ሳሙና ነው።

አዎ፣ ተራ የልብስ ሳሙና። ከሱ ጋር ሁልጊዜ ሞልቶ የሚቀመጥ አንድ ጀሪካን ውሃ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ ይሄ በደንብ ይገባችኋል።

ምክንያቱን ላስረዳ። የእብድ ውሻ በሽታ ሲባል አብዛኛው ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚመጣበት ምራቁን እያዝረበረበ መንገድ ላይ የሚሮጥ ትልቅ ውሻ ነው። ትንሽ ሲሆን ግን «ኧረ ቡችላ እኮ ነው፣ ምን ያመጣል!» ይባላል። ይህን ከወላጆች ስሰማ እደነግጣለሁ። ቡችላም በታመመ ውሻ ከተነከሰ በበሽታው ይያዛል፣ ከተያዘ ደግሞ ያስተላልፋል። ገና 2 ወር ያልሞላው ቢሆንም። በሽታው አንዴ ምልክት ማሳየት ከጀመረ ሰውም ሆነ ውሻ አይተርፍም ማለት ይቻላል። በሌላ በኩል ግን ቁስሉ ወዲያው ከታጠበና ክትባቱ በሰዓቱ ከተጀመረ እንደዚህ ልንከላከለው የምንችል ገዳይ በሽታ ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 በመቶው በውሻ በኩል ነው። በሽታው አለበት ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱ ሰዎች ውስጥም 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው።

ቡችላ ደግሞ ጥርስ ሲያበቅል ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። ጫማ፣ የምንጣፍ ጫፍ፣ የልጅ ጣት። ይህ ጠባዩ ነው፣ ልታስቀሩት አትችሉም። የምትችሉት እያንዳንዷ ጭረት የጭንቀት ምክንያት እንዳትሆን አስቀድሞ መዘጋጀት ነው።

ስለዚህ ቡችላውን ከምትወስዱበት ቤት ሁለት ነገር ጠይቁ። እናቱ በየዓመቱ ትከተባለች ወይ? የክትባት ደብተር አላት ወይ? «አዎ ተከትባለች» የሚል መልስ ብቻውን አይበቃም፣ ደብተሩን በዓይናችሁ እዩ። ቀኑ፣ የክትባቱ ስምና የሐኪሙ ፊርማ ወይም ማኅተም ይኑርበት። ከመንገድ የተነሳ ወይም እናቱ የማትታወቅ ቡችላ ከሆነ በቀጥታ ከልጆች ጋር ከማቀላቀል በፊት ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ይሻላል።

የእብድ ውሻ ክትባት ለቡችላ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ 3 ወር ሲሞላው ነው፣ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል። እኛ ጋ ግን ቡችላ በአንድ ወር ተኩል፣ ቢበዛ በሁለት ወር ከእናቱ ይነጠላል። ልብ በሉ፣ መሐል ላይ ቡችላው ቤታችሁ ሆኖ ገና ያልተከተበባቸው ሳምንታት አሉ። ከተከተበ በኋላም መከላከያው እስኪገነባ ወደ አንድ ወር ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ ከግቢ አይውጣ፣ የሰፈር ውሾች ወደሱ አይግቡ። በአጥሩ ሥር ቀዳዳ ካለ ከሱቅ ዕቃ በፊት እሱን ድፈኑ። የቆርቆሮ ቁራጭና ሁለት ድንጋይ ይበቃል፤ ከውድ የአንገት ማሰሪያ ይልቅ የሚጠቅመው ይሄ ነው።

ልጅ ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ስለዚህ በግምት ሳይሆን ስልካችሁ ላይ ሰዓት ሞልታችሁ። ቡና መነስነስ፣ ነጭ ሽንኩርት መለጠፍ፣ ጥብቅ አድርጎ ማሰር አያስፈልግም፣ ይጎዳል። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል። ቁስሉ ትንሽ ነው ተብሎ አይቀርም። የተቧጨረ ቆዳ፣ ወይም ዓይንና አፍ ውስጥ የገባ ምራቅም ይቆጠራል። ብዙ ሰው እስካሁን የሚፈራው የድሮውን ሆድ ላይ በየቀኑ የሚወጋ መርፌ ነው። ዘመናዊው ክትባት የሚሰጠው ክንድ ላይ ነው (ለሕፃናት ጭን ላይ)። እንደ አሰጣጡ 4 ወይም 5 ቀጠሮ ሊኖረው ይችላል፣ ቀጠሮ መዝለል ግን አይቻልም። ቁስሉ የደማ ከሆነ በተጨማሪ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ኢሚዩኖግሎቡሊን ሊታዘዝ ይችላል፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ይታያል።

ቡችላውን በንዴት አትግደሉት፣ አታባርሩትም። አስራችሁ ለ10 ቀን ተከታተሉት። 10 ቀን ሙሉ ጤነኛ ከሆነ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው፤ ሐኪሙም የቀረውን ክትባት ሊያቆም ይችላል። ውሻው ከጠፋ ግን ይህን ማወቂያ መንገድ አጣን። እስከ 10 ቀን እንጠብቅና ከዚያ እንከተብ ማለት ግን በፍጹም አይሆንም፤ ክትባቱም ክትትሉም እኩል ነው የሚጀመሩት። ጸበል መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፣ ማንም አይከለክልም፤ ግን ክትባቱን ጀምሮ፣ ቀጠሮውንም ሳያቋርጥ።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጆች ንክሻን ይደብቃሉ። እንዳይቆጧቸው ይፈራሉ፣ ወይም ቡችላው ይጣልብናል ብለው ያስባሉ። ስለዚህ ቡችላው ከመምጣቱ በፊት ቁጭ አድርጋችሁ ንገሯቸው፦ «ቢነክስህ ቢቧጭርህ ወዲያው ንገረን፣ አንቆጣም፣ ቡችላውንም አንጥለውም።» ከገባችሁ ቃል ደግሞ ዝንፍ አትበሉ።

ሁለተኛው ነገር የትል መድኃኒት ነው። ቡችላ ትል ይዞ ነው የሚወለደው ቢባል ማጋነን አይደለም፤ ቶክሶካራ የሚባለው ትል ገና በእናቱ ሆድ እያለ ይተላለፍበታል። እንቁላሉ ከአፈር ጋር ወደ ልጅ አፍ ከገባ ጉበትን፣ አንዳንዴም ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። ለቡችላ መድኃኒቱ ከተወለደ በ2ኛው ሳምንት ይጀመርና እስከ 8 ሳምንቱ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ 6 ወሩ በየወሩ ይሰጣል። መጠኑ በክብደቱ ስለሆነ ለልጃችሁ ከተገዛው እየቆረሳችሁ በግምት አትስጡት።

ለዚህም ዕቃ ያስፈልጋል። አንድ ትንሽ አካፋና ፌስታል። የቶክሶካራ እንቁላል ከሰገራው ጋር እንደወጣ ወዲያው አያሲዝም፣ አፈር ላይ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ መቆየት አለበት። በየቀኑ ካነሳችሁት እንቁላሉ ሳይደርስ ወጣ ማለት ነው። ልጆች አፈር የሚጫወቱበትን ጥግ ለይታችሁ አጥሩት፣ በባዶ እግር ግቢ ውስጥ አይሂዱ፤ በቆዳ የሚገባ ሌላ የውሻ ትልም አለ።

አሁን ወደ በዓሉ። ግቢ ውስጥ በግ ስናርድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ብዙ ጊዜ ይታያል። «ይሄ አይበላም» ብለን ለውሻው እንወረውራለን። ከዚህ የከፋ ነገር የለም! ያ ውሃ የቋጠረው የኤኪኖኮከስ ትል ጎጆ ነው። ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ያድግና ከሳምንታት በኋላ እንቁላሉ በሰገራው ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይም ይጣበቃል። የዚህኛው እንቁላል ደግሞ እንደ ቶክሶካራ መቆያ ጊዜ አይፈልግም፣ እንደወጣ ያሲዛል። ልጅ ውሻውን ዳብሶ ሳይታጠብ ቢበላ ጉበቱ ወይም ሳንባው ውስጥ ሀይዳቲድ ሲስት የሚባለው እብጠት ዓመታት እየፈጀ ያድጋል። ሲታወቅ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለውሻ ምግብ ብቻ የሚሆን አንድ አሮጌ ድስት ያዙ። የሆድ ዕቃ የሚሰጠው ቢያንስ 30 ደቂቃ ከተቀቀለ በኋላ ነው። ውሃ የቋጠረውን ደግሞ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። በበዓል ቀን ለሚያርድላችሁ ሰው ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ አለዚያ እናንተ ሳታዩ ይወረውርለታል።

ስለ ምግብ ካነሳን፣ የተረፈ ወጥ አትስጡት። የእኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፣ ቢቁላላም ጉዳቱ አይጠፋም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። ቸኮሌትም አይሆንም። ያለ ጨውና ቅመም የተቀቀለ ሥጋ ከሩዝ ጋር፣ እንቁላል፣ ወይም ለቡችላ የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ፤ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ በትንሽ በትንሹ። የላም ወተት ብዙ ቡችላዎችን ያስቀምጣቸዋል፤ ንጹሕ ውሃ ግን ሁልጊዜ አይለየው። ሲታመም ደግሞ ፓራሲታሞል፣ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አትሞክሩበት፣ ሊገድሉት ይችላሉ።

ቁንጫና መዥገር ካያችሁ ለትኋን የሚረጨውን መድኃኒት አታርከፍክፉበት። መርዙ ቡችላውን ሊገድል ይችላል፣ ከፀጉሩ ላይ ደግሞ ወደ ልጆቹ እጅ ይሄዳል። ለቡችላ ዕድሜ የሚሆነውን ከእንስሳት ፋርማሲ ጠይቁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወስዱት የእንስሳት ሐኪሙ ስለ ፓርቮ ክትባትም ይነግራችኋል። ፓርቮ ወደ ሰው አይመጣም፣ ቡችላን ግን ደም አስቀምጦ በቀናት ውስጥ ይገድላል። ከዚህ በፊት ውሻ በዚህ በሽታ የሞተበት ግቢ ከሆነ ቫይረሱ ወራት ስለሚቆይ በውሃ በተበረዘ በረኪና አጽዱ፤ በረኪናውን ቡችላው ላይ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አይደለም።

ስለ ሰንሰለት ያለኝን አቋም ልናገር። ቡችላን ከልጅነቱ ቀን ቀን ዘግቶ ወይም አስሮ ማሳደግ «ኃይለኛ እንዲሆን» ይጠቅማል የሚሉ አሉ። አልስማማም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ወራት ሰው ያላየ ውሻ ደፋር አይሆንም፣ ፈሪ ነው የሚሆነው። ፈሪ ውሻ ደግሞ የሚነክሰው ሌባን ብቻ አይደለም፤ እንግዳንም፣ ኳሷን ልታመጣ የሮጠችውን የጎረቤት ልጅም ነው። ለስላሳ የአንገት ማሰሪያ (ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን) እና ገመድ ይበቃዋል። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን ከቡችላው ጋር ብቻውን አይተው፣ በተለይ ሲበላና ሲተኛ።

አልጋውን በተመለከተ፣ ካርቶንና አሮጌ ብርድ ልብስ ከበቂ በላይ ነው። ዝናብና ነፋስ የማያገኘው ቦታ ላይ አድርጉለት፣ የልጆቹ አልጋ ላይ ግን አይተኛ። የመጀመሪያውን ሌሊት እናቱን እየፈለገ ያለቅሳል። የአዲስ አበባ ሌሊት ደግሞ ይበርዳል። በሃይላንድ ለብ ያለ ውሃ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ጎኑ አስቀምጡለት። ሁለት ሦስት ሌሊት ነው፣ ከዚያ ይለምዳል።