ሳንባ የሌለው ፍጥረት ስም ሲወጣለት

በቤትዎ ሕፃን ሲወለድ ስሙ በዘፈቀደ አይወጣም። ወላጆች ይመካከራሉ፤ አያቶች ሐሳብ ይሰጣሉ፤ ከልጁ ስም ቀጥሎም የአባቱ ስም ይከተላል። በእነዚህ ሁለት ስሞች ልጁ ማን እንደሆነና የማን እንደሆነ ይታወቃል። ሳይንስም ለአንድ እንስሳ ስም ሲያወጣ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ማን ነው? የማን ወገን ነው? መልሱ ታዲያ አንዳንድ ጊዜ አንድ ሙሉ ቤተሰብ ስለ ራሱ የሚነገረውን ታሪክ ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 በደቡብ ኮሪያ ከድንጋይ ሥር የተገኘው ትንሽ ሳላማንደር ያደረገው ይህንን ነው።

በቆዳው የሚተነፍስ

ሳላማንደርን በፎቶግራፍ ካዩት እንሽላሊት ሊመስልዎት ይችላል። ሥጋ ዘመዱ ግን እንቁራሪት ነው። ቅርፊት የለውም፤ ቆዳው ለስላሳና እርጥብ ነው። በአገራችን ስለማይገኝ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው።

ከሳላማንደሮች ሁሉ የሚበዙት ደግሞ ጭራሽ ሳንባ የላቸውም። የሚያስፈልጋቸውን ኦክስጅን የሚያገኙት በቆዳቸውና በአፋቸው ውስጠኛ ሽፋን በኩል ነው። ይህ እንዲሆን ቆዳቸው ዘወትር እርጥብ መሆን አለበት፤ ከደረቀ ይታፈናሉ። ስለዚህ ብዙዎቹ ቀኑን የሚያሳልፉት ከድንጋይ፣ ከወደቀ ግንድና ከረገፈ ቅጠል ሥር ነው። ሳይንስ ይህን ቤተሰብ ፕሌቶዶንቲዴ ብሎ ይጠራዋል። አንዱ የቤተሰቡ መለያ ከአፍንጫ ቀዳዳ እስከ ላይኛው ከንፈር የሚወርድ ቀጭን ቦይ ነው፤ በአካባቢያቸው ያለውን ሽታ የሚለዩት በእሱ እየታገዙ ነው።

የቤተሰቡ አድራሻ ለረጅም ጊዜ የታወቀ ይመስል ነበር። አብዛኞቹ ዝርያዎች የሚኖሩት በአሜሪካ አህጉራት ነው። ጥቂቶች ደግሞ በአውሮፓ፣ በጣሊያንና በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ይገኛሉ። በእስያ ግን አንድም አልታወቀም ነበር።

መምህሩና ተማሪዎቹ

ስቴፈን ካርሰን በደቡብ ኮሪያዋ ዴጆን ከተማ በሚገኝ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት የሚያስተምር አሜሪካዊ ነበር። ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ጃንግቴ ተራራ በወጣበት ጊዜ ድንጋይ እያነሡ ከሥሩ ያለውን ሲመለከቱ አንድ ትንሽ ሳላማንደር አገኙ። ጠቆር ያለ፣ በጀርባው ላይ ቀላ ያለ መስመር የተዘረጋበት፣ ጭራው ሳይቆጠር 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ፍጥረት ነው። የአሜሪካን ሳላማንደሮች ለሚያውቅ ሰው መልኩ አዲስ አይደለም። አዲስ የሆነው የተገኘበት ቦታ ነው።

ናሙናው ከደረሳቸው ሰዎች አንዱ ሳንባ አልባ ሳላማንደሮችን ለአሥርት ዓመታት ያጠኑት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ዌክ ናቸው።

ስም እንዴት ይወጣል?

እንስሳት ባለ ሁለት ቃል ሳይንሳዊ ስም የሚያገኙበት ሥርዓት የሚቆጠረው ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ካሳተመው መጽሐፍ ጀምሮ ነው። አዲስ ስም ለማውጣት «ከዚህ በፊት አላየሁትም» ማለት አይበቃም። እንስሳው ከታወቁት ዘመዶቹ ጋር ይነጻጸራል። መለያዎቹ ተዘርዝረው ይታተማሉ። አንድ ናሙናም የስሙ ማረጋገጫ ሆኖ በሙዚየም ይቀመጣል። ከዓመታት በኋላ ክርክር ቢነሣ ሁሉም የሚመለሰው ወደዚያ ናሙና ነው።

የኮሪያና የአሜሪካ ተመራማሪዎች የሳላማንደሩን አጥንትና ዲ.ኤን.ኤ. መረመሩ። በእርግጥም የሳንባ አልባዎቹ ቤተሰብ አባል ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን በቤተሰቡ ውስጥ ካሉት ወገኖች ወደ አንዱም የሚገባ አልነበረም። ስለዚህ የራሱ አዲስ ወገን ተመሠረተለት። በግንቦት 2005 እ.ኤ.አ. «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ስሙ ይፋ ሆነ፦ ካርሴኒያ ኮሪያና።

አቀማመጡን ልብ ይበሉ። እኛ የልጁን ስም አስቀድመን የአባቱን እናስከትላለን፤ ሳይንስ ግን የወገኑን ስም አስቀድሞ የራሱን ያስከትላል። «ካርሴኒያ» መምህሩን ያስታውሳል፤ «ኮሪያና» የተገኘበትን አገር። ስሙን ያወጡት ተመራማሪዎቹ ናቸው እንጂ ካርሰን ራሱ አይደለም። በሙያው ዘንድ ለራስ መታሰቢያ ስም ማውጣት እንደ ነውር ይቆጠራል። ኮሪያውያን ደግሞ በራሳቸው ቋንቋ «የሽበት ሳላማንደር» እንደማለት ይሉታል፤ ሽበት ሲባል በእርጥብ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር ነው።

ይህ ስም የቤተሰቡን ታሪክ ለወጠ። ሳንባ አልባዎቹ ሳላማንደሮች በጥንት ዘመን ከታሰበው በላይ ሰፊ በሆነ ምድር ላይ ተሰራጭተው እንደነበር አመለከተ። ከዚያ ወዲህ ይኸው ዝርያ በሌሎች የኮሪያ ቦታዎችም ተገኝቷል። ስምና መለያ ያለው ነገር ለመፈለግም ይቀላል።

ከእኛው ደን

ተመሳሳይ ታሪክ በእኛም አገር አለ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች እግር የሌለው፣ የምድር ትል የሚመስል፣ ግን የጀርባ አጥንት ያለው የእንቁራሪት ዘመድ ይኖራል። እንዲህ ያሉት ሲሲሊያን ይባላሉ። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1970 ይህን ዝርያ ቀድሞ ከሚታወቅ የአፍሪካ ወገን ጋር መድበው፣ ለእንግሊዛዊቷ ተመራማሪ አሊስ ግራንዲሰን መታሰቢያ «ጂኦትራይፔተስ ግራንዲሶኔ» አሉት። እ.ኤ.አ. በ1987 ማርቫሊ ዌክ፣ የዴቪድ ዌክ ባለቤትና ራሳቸውም የእንቁራሪት ዘመዶች ተመራማሪ፣ ምድቡን መርምረው ለብቻው ወገን አበጁለት፦ «ሲልቫሲሲሊያ»። የመጀመሪያው ክፍል ደን ማለት ነው። «ግራንዲሶኔ» የሚለው ባለበት ጸና፤ የተለወጠው የወገኑ ስም ነው።

ይህ የወረቀት ለውጥ ብቻ አይደለም። ሲልቫሲሲሊያ ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም፤ በወገኑ ውስጥም ሌላ ዝርያ የለም። ቀድሞ በነበረው ስም ቢጠፋ ከብዙ ወንድማማቾች አንዱ ጠፋ ይባል ነበር። ዛሬ ግን የእኛ ደን ካለቀ ከእሱ ጋር የሚያልቀው ወገኑ በሙሉ ነው።

ከልጆችዎ ጋር

በመጪው ክረምት ልጆችዎን ይዘው እርጥበት ወዳለበት ቦታ ቢወጡ ድንጋይን ቀስ ብሎ በዱላ ማንሣት ያስተምሯቸው፤ እጅ አስቀድሞ መስደድ አያስፈልግም። እንቁራሪት ካገኙ በዓይን ማየቱ ይበቃል። እንቁራሪት ሳንባ ቢኖረውም በቆዳውም ስለሚተነፍስ፣ ሳሙና ወይም ቅባት የነካው እጅ ይጎዳዋል። ፎቶግራፍ አንሡ፤ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። ከዚያ ድንጋዩን እንደነበረ መልሱት፤ ለእሱ ቤቱ ነውና። ልጅዎ «ይህ ምን ይባላል?» ብሎ ከጠየቀዎት ደግሞ ሁለተኛውን ጥያቄ ይጨምሩለት፦ «የማን ወገን ይመስልሃል?»