ኮሊስቲን ባክቴሪያን እንዴት ይገድላል?

ኮሊስቲንና የቅርብ ዘመዱ ፖሊሚክሲን ቢ ሌሎች አንቲባዮቲኮች ያቃታቸውን ባክቴሪያዎች ለመግታት በመጨረሻ የሚታዘዙ መድኃኒቶች ናቸው። ከተገኙ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ያም ሆኖ የባክቴሪያውን ሽፋን አልፈው የሚገድሉበት መንገድ እስካሁን ያከራክራል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 በኔቸር ማይክሮባዮሎጂ መጽሔት የወጣ ጥናት ክርክሩን እንደገና አነሣሥቶታል።

ጥናቱን ያካሄዱት የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደንና የኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች ናቸው። ገጽን በረቂቅ መርፌ እየዳሰሰ ምስል በሚያወጣ ማይክሮስኮፕ ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ ተመለከቱ። ፖሊሚክሲን ቢ በነካው በደቂቃዎች ውስጥ በባክቴሪያው ላይ እብጠቶች ብቅ ብቅ አሉ፤ ቀጥሎም የውጪ ልባሱን አራገፈ። ይህ የሆነው ግን ባክቴሪያው ምግብ አግኝቶ ሥራ ላይ ሳለ ብቻ ነው። ያንቀላፋው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ተቋቋመ። ስኳር ሲጨመርለት ግን ከ15 ደቂቃ ያህል በኋላ መሞት ጀመረ።

እጅግ አስደናቂ ግኝት ነው። መድኃኒቱ ልባሱን በራሱ ኃይል ብቻ አያፈርሰውም፤ ባክቴሪያው ልባሱን እያጣደፈ እንዲያመርትና እንዲያራግፍ ያደርገዋል። በሚፈጠረው ክፍተት ሾልኮ ይገባና ይገድለዋል።

የቀድሞው ማብራሪያ ከዚህ ይለያል። እንደ ኢ. ኮላይ ያሉ ግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያዎች ሁለት ሽፋን አላቸው። የውጪው ሽፋን ገጽ፣ ማለትም ልባሱ፣ ሊፖፖሊሳካራይድ በተባለ፣ ኔጋቲቭ ቻርጅ በተሸከመ ሞለኪውል የተሞላ ሲሆን፣ ሞለኪውሎቹን አያይዘው የሚያቆሟቸው ማግኒዥየምና ካልሲየም ናቸው። ፖዚቲቭ ቻርጅ ያለው ኮሊስቲን እነዚህን አባርሮ ቦታቸውን ይይዛል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማል። ከዚያ በኋላ ግን መድኃኒቱ የውስጡን ሽፋን ሳሙና ቅባትን እንደሚያሟሟ ያሟሟዋል ተብሎ ለአሥርት ዓመታት ሲነገር ቆይቷል።

በ2021 የኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች ኢላይፍ መጽሔት ላይ ሌላ ሐሳብ አቀረቡ። ሊፖፖሊሳካራይድ የሚመረተው በውስጠኛው ሽፋን ነው፤ ወደ ውጪ እስኪጓጓዝ ድረስ ጥቂቱ ሁልጊዜ እዚያ ይገኛል። ኮሊስቲን የውስጡን ሽፋን የሚሰብረው ይህንኑ ሞለኪውል አነጣጥሮ መሆኑን አሳዩ። በ2022 ደግሞ የባዝል ዩኒቨርሲቲ ቡድን ፖሊሚክሲን በውጪው ሽፋን ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን ክሪስታሎች እንደሚሠራ አየ። መድኃኒቱን በተላመዱት ባክቴሪያዎች ላይ ክሪስታሎቹ አልታዩም።

ከኮሊስቲን ሌላም ሽፋንን የሚያጠቁ አንቲባዮቲኮች ብዙ ናቸው። ሬኔ ዱቦ በ1939 ያገኘው ግራሚሲዲን በሽፋኑ ውስጥ ቀዳዳ ሠርቶ የአዮኖችን ሚዛን ያዛባል፤ ቀይ የደም ህዋሳትንም ስለሚያፈርስ ግን ከቆዳ ላይ ሕክምና አልዘለለም። ማይክል ዛስሎፍ በ1987 ከእንቁራሪት ቆዳ ያወጣቸው ማጋይኒኖችም ብዙ ተስፋ ተጥሎባቸው ነበር።

ከእነዚህ ይልቅ ወደ ሐኪም ቤት በሰፊው የዘለቀው ዳፕቶማይሲን ነው። የሚያመርተው ባክቴሪያ የተገኘው በቱርክ፣ ከአራራት ተራራ በተወሰደ አፈር ውስጥ ነው። ኢላይ ሊሊ ኩባንያ ጡንቻን ይጎዳል ብሎ ቢተወውም፣ ኪዩቢስት የተባለ ኩባንያ በቀን አንዴ ብቻ ሲሰጥ ጉዳቱ እንደሚቀንስ አረጋግጦ በ2003 በአሜሪካ አስፈቀደው። ካልሲየም ከሌለ አይሠራም። የሳንባን ውስጠኛ ገጽ የሚቀባው ፈሳሽ ስለሚያመክነው ለሳንባ ምች አይታዘዝም። እሱም ቢሆን ሽፋኑን ይበሳል ወይስ የህዋስ ግድግዳ ግንባታን ያውካል በሚለው ላይ ክርክር አስነሥቷል።

በኮሊስቲን ላይ ያለው ክርክር የቤተ ሙከራ ጨዋታ አይደለም። ኮሊስቲን ኩላሊትንና ነርቭን ስለሚጎዳ በ1970ዎቹ ወደ ጎን ተትቶ ነበር፤ የመለሰው የሌሎች መድኃኒቶች መክሸፍ ነው። በዚያው ዘመን ግን ለማደለቢያነት በእንስሳት መኖ ውስጥ በገፍ ይጨመር ነበር። በኅዳር 2015 ቻይና ውስጥ ከአሳማና ከሥጋ፣ ከሕሙማንም በተገኙ ባክቴሪያዎች ውስጥ ኤምሲአር-1 የተባለ ዘረመል መኖሩ ተዘገበ። ዘረመሉ የሊፖፖሊሳካራይዱን ኔጋቲቭ ቻርጅ ስለሚቀንስ ኮሊስቲን የሚይዘው ያጣል። የከፋው ደግሞ ፕላዝሚድ በተባለ ተንቀሳቃሽ የዲኤንኤ ቁራጭ ላይ በመቀመጡ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ በቀላሉ መተላለፉ ነው። ቻይና በ2017 ኮሊስቲንን ለማደለቢያነት መጠቀምን ከለከለች።

የአሠራሩ ዕውቀት ለሕክምና የሚኖረው ፋይዳ በ2021ዱ ጥናት ውስጥ በግልጽ ይታያል። ሙሬፓቫዲን የሊፖፖሊሳካራይድን ጉዞ የሚያግድ ንጥረ ነገር ነው፤ ሲጨመር ሞለኪውሉ በውስጠኛው ሽፋን ይከማቻል፣ ለኮሊስቲንም ኢላማው ይበዛለታል። የሁለቱ ጥምረት ሳንባቸው ሱዶሞናስ በተባለ ባክቴሪያ በተጠቃ አይጦች ላይ ከኮሊስቲን ብቻ የተሻለ ውጤት አሳይቷል። ሙሬፓቫዲን በደም ሥር ሲሰጥ ኩላሊትን በመጉዳቱ በሰው ላይ ይካሄድ የነበረው ሙከራ በ2019 ተቋርጧል። የ2025ቱ ተመራማሪዎች በበኩላቸው ፖሊሚክሲንን ያንቀላፉ ባክቴሪያዎችን ከሚያነቁ ወይም የልባስ ምርታቸውን ከሚያፋጥኑ ሕክምናዎች ጋር ማጣመር አንድ አማራጭ መሆኑን ጠቁመዋል።