የወረዳ ዕጩ ለሰቆጣ ምን ቃል መግባት ይችላል?

በአማራ ክልል የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ነበር። በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የታቀደው በተወካዮች ምክር ቤት ውሳኔ ተራዘመ፤ ከዚያም እየተንከባለለ ቀረ። በ2005 ዓ.ም. ሰቆጣ ላይ የተወለደ ልጅ ጎረምሳ ሆኗል፤ ለወረዳው የሚወዳደር ዕጩ ግን አይቶ አያውቅም።

ለመሆኑ እንዲህ ያለው ዕጩ ቢመጣ ምን ቃል ሊገባ ይችላል? አስፋልት አይደለም፤ ዋና መንገድ የፌዴራል መንግሥት ሥራ ነው። የኃይል ማስተላለፊያ መስመርም እንዲሁ። የወረዳው ድርሻ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ የግብርና ኤክስቴንሽንና የገጠር ውኃ ነው። ምክር ቤቱ በጀት ያፀድቃል፤ ይሁን እንጂ ከክልሉ በድጎማ የሚመጣው ገንዘብ አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል። ‹‹ሁሉንም እሠራለሁ›› የሚል ዕጩ በጀቱን አላየውም ማለት ነው (ወይም አይቶ ዝም ብሏል)።

ስለዚህ ክርክሩ ከደመወዝ በተረፈችው ላይ ማን ይቅደም የሚለው ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነት የተጎዱት ጤና ተቋማት? ወይስ ዝናብ ሲቀር ቀድመው የሚጎዱት የተከዜ ዳር ቆላዎች የውኃ ጉድጓዶች?

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስወገድ የገባው ቃል በከተማዋ ስም ‹‹የሰቆጣ ቃል ኪዳን›› ተብሏል። ቃሉን የገባው ከላይ ያለው መንግሥት ነው፤ ሕፃኑን የምትመዝነው ግን የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ዕጩው በቅድሚያ ሊጠየቅ የሚገባው፣ እሷ የምትሠራበት ጤና ኬላ ውኃ እንዲያገኝ ከየትኛው የበጀት ርዕስ ላይ ቀንሶ እንደሚሰጥ ነው። ጥያቄውም በኽምጣና ሊቀርብለት ይችላል።